አረፋው ይተኛ

ልጁ ማልቀሱን ድንገት አቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባትየው ተመስገን ይል ነበር፤ የዛሬው ዝምታ ግን የጤና አልነበረም። ወተቱ በአፉም በአፍንጫውም ገንፍሎ ወጣ፣ ትንሽዬዋ አፉ ተከፍታ ቀረች፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ተወ፣ ከንፈሩ ዙሪያውን ጠቆረ። አባትየው ጡጦውን እንደያዘ ክው ብሎ ቀረ። እጅ እግሩ ተሳሰረ። "እማማ!" ብሎ ሊጣራ አስቦ ነበር፣ ድምፁም ከዳው።

እማማ የሚስቱ እናት ናቸው። መጠራትን አልጠበቁም፤ የልጁ ዝምታ ለእሳቸውም ኩሽና ድረስ ተሰምቷቸዋል። እጃቸውን እንኳ ሳያደርቁ መጥተው ልጁን ነጠቁት፣ ክንዳቸው ላይ በደረቱ ደፍተው ጀርባውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። ምንም የለም። ደገሙት። ልጁ ተንዘፈዘፈ፣ አሳለው፣ ከዚያ ቤቱን በጩኸት አናጋው። አባትየው በዕድሜው እንዲህ የሚጣፍጥ ጩኸት ሰምቶ አያውቅም። ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

"ሞተብኝ ብዬ እኮ ነው፣ እማማ።"

"አፍህን ያዝ! ምን ያለው ንግግር ነው ይሄ! ትን ብሎት ነው" አሉ እማማ ልጁን ትከሻቸው ላይ አድርገው እያሻሹት።

አባትየውን ሰፈሩም ካፌውም የሚያውቀው "አረፋው" በሚል ስም ነው። እናቱ ያወጣችለት ሌላ ስም አለው፣ ግን ማን ያስታውሰዋል? ከመንገዱ ማዶ ባለው ካፌ የማኪያቶ ማሽኑ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። የወተቱን ጆግ ወደ እንፋሎቱ ቧንቧ ጠጋ ያደርጋል፣ ዝቅ ያደርጋል፣ ደግሞ ጠጋ ያደርጋል፤ የወተቱ አረፋ ከብርጭቆው አፍ በላይ ይቆለላል እንጂ አንዲት ጠብታ አይፈስም። ደንበኞች ማንኪያ አቁመውበት ይወራረዳሉ። አለቃው፣ ያ ሰው ማመስገን የሚያመው ሰውዬ እንኳ፣ "የአረፋውን እጅ ማን አለው!" ብሏል። እርግጥ ያን ቀን ካፌው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አረፋ የሌለው ወተት ደንበኛ ፊት ማቅረብ ለአረፋው ሱሪ ሳይለብሱ አደባባይ እንደ መውጣት ነው።

ሚስቱ በኦፕራሲዮን ከወለደች በኋላ ቁስሏ አመርቅዞባት ሆስፒታል ተመለሰች። "ለአንድ ቀን እንያት" ነበር ያሉት። ያ አንድ ቀን አላልቅ ብሎ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ተኝታለች። የምትወስደው መድኃኒት ከበድ ያለ ስለሆነ ለጊዜው ጡት አታጥቢ ተባለች። እሷም እያለቀሰች፣ "ስሙን ግን እኔ ነኝ የማወጣለት፣ ቤቴ ስገባ!" አለች። እስከዚያው ልጁ ማሙሽ ነው። የቆርቆሮ ወተት ተገዛ፣ ጡጦ ተገዛ፣ እማማ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ደረሱ።

መጀመሪያ ጡጦው የእማማ ሥራ ነበር። ማሙሽ ያኔም ያቀረሻል፤ ትከሻቸው ላይ ትንሽ ጣል ያደርግና እፎይ ብሎ ይተኛል። ታዲያ አንድ ቀን ዱቄቱ ጓል ሠርቶ የጡጦውን ጫፍ ደፈነው። ልጁ ቢጠባ ቢጠባ እምቢ አለው፣ ተናደደ፣ ጓሉ ሲለቅ ወተቱ ድንገት ወረደበትና ትን አለው። አረፋው በር ላይ ቆሞ አየ። እማማ አንጓቸውን ስለሚያማቸው ጡጦ አይነቀንቁም፤ በሁለት መዳፋቸው መሃል ያሽከረክሩታል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡትና ከማሙሽ ጋር ወሬ ይጀምራሉ። ወሬያቸው ሲያልቅ ያጠጡታል። ወተት የሚያውቅ ሰው ይህን አይቶ እንዴት ዝም ይላል!

"እንዲህ ነው እንዴ ወተት የሚበጠበጠው?" አለ አረፋው። ድንጋጤው ወደ ቁጣ ዞሮበት ነበር። "እማማ፣ ይተዉት። ወተት የእኔ ሥራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጡጦውን ማንም አይንካብኝ!"

"እሺ ልጄ" አሉ እማማ። ሄደው ዳይፐር ከረጢት ውስጥ መክተት ያዙ፤ ልባቸው መቁሰሉን ግን ግድግዳውም ያውቅ ነበር።

አረፋው ከካፌው ፈቃድ ወሰደ። ውሃውን ያፈላል፣ ያቀዘቅዛል፣ ዱቄቱን በቢላ ጀርባ ደልድሎ ይለካል፣ ክዳኑን ይገጥምና እጁን ያስጨፍረዋል። ጓል የሚባል ነገር የለም፤ አረፋ እስከ ጡጦው አንገት ይሞላል፣ ነጭ፣ ድፍን ያለ፣ ለንጉሥ የሚቀርብ። ማሙሽ ደግሞ ባሰበት። እየተስገበገበ ይውጣል፣ መሃል ላይ ይተወዋል፣ ጀርባውን እንደ ቀስት ይገትራል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ይጮኻል። አረፋው፣ ራበው ብሎ ይጨምርለታል። የጨመረለት ሁሉ ከቀድሞው ጋር ተደርቦ ይመለሳል። ጎረቤት ያለች ልብስ ሰፊ፣ "ቆርቆሮው አልተስማማውም፣ ቀይረው" አለች። ቀየረው። ያው ነው።

ከዚያ ወዲያ አረፋው መተኛት ፈራ። ዓይኑን ከከደነ ልጁ የሚያመልጠው ይመስለዋል። ሶፋው ላይ ማሙሽን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይቀመጥና ትንፋሹን ያዳምጣል። ትንፋሽ ትንሽ ከዘገየች የልጁን እግር ነካ ያደርጋል፤ የተኛው ልጅ ይነቃል፣ የነቃው ልጅ ያለቅሳል፣ ላለቀሰው ልጅ ጡጦ ይሰጠዋል። እንዲህ እያለ ነው የዛሬው ጉድ የመጣው።

"ተነስ፣ ሐኪም ጋ እንውሰደው" አሉ እማማ፣ ማሙሽ ድምፁ ሲረጋጋ።

"አይሆንም!"

"ምን ማለት ነው አይሆንም? ከንፈሩ ሲጠቁር አላየህም?"

"ይይዙታል፣ እማማ። እሷንም ለአንድ ቀን ብለው ነው የወሰዷት። እሷን ይዘዋል፣ እሱን ደግሞ ሲይዙ እኔ ባዶ ቤት ውስጥ ምን ልሁን?" እንባው መጣ። እማማ ቁጣቸውን ትተው ማሙሽን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

ለሚስቱ የመጠየቂያው ሰዓት ደርሶ ነበር። ካልሄደ ትጠረጥራለች። ፊቱን ታጥቦ፣ በመንገዱ ሁሉ ፈገግታ ሲለማመድ ሆስፒታል ደረሰ። ሚስቱ ትራሷን ደገፍ ብላ ተቀምጣ ጠበቀችው፤ ፊቷ ከስቷል፣ ዓይኗ ግን ያው የድሮው፣ ምንም የማያመልጠው ዓይን ነው።

"ማሙሼስ?"

"አማን ነው። ጥግብ ብሎ ተኝቷል።"

"እሰይ። ና እስቲ እቀፈኝ።" አቀፋት። አንገቱ ሥር አሸተተች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ገፋችው። "ትከሻህ ሆምጥጧል።"

"ትንሽ አቀረሸብኝ እኮ፣ የሕፃን ነገር..."

"ይሄ የትንሽ ሽታ አይደለም። በሸሚዙ ዘልቆ ሰውነትህ ውስጥ ገብቷል። ዓይኔን እያየህ ንገረኝ። ልጄ ምን ሆነ?"

ውሸት የሚዋጣለት ሰው አይደለም፤ ደግሞ ለማን! ጀመረና ማቆም አቃተው። ማቅረሹን፣ መገተሩን፣ የዛሬውን የጠቆረ ከንፈር ሁሉ ዘረገፈው። ሚስቱ የአልጋውን ልብስ በሁለት እጇ ጨብጣ ሰማችው።

"ለምን ሐኪም ጋ አልወሰድከውም?"

"እንዳይይዙብኝ ፈርቼ። አንቺን እንደያዙት።"

"እኔን?" አለች። "አንተ ሰው፣ እኔን ባይይዙኝ ኖሮ ሞቼ ነበር። ቁስሌን ባያዩት፣ ነገ ነገ ብለህ ቤት ብታስቀምጠኝ ኖሮ ዛሬ እኔን አታቅፍም ነበር። እዚህ ምን ትሠራለህ ታዲያ? ሂድ! ውሰደው! ሮጥ!"

በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አያት። ፊቷን በትራሱ ሸፍናለች። ወደ እሷ ሊመለስ አማረው፣ ግን ሮጠ።

ማሙሽንና እማማን ይዞ የደረሰበት የሕፃናት ክሊኒክ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የቀጭኔ ስዕል፣ ጥግ ላይ የሕፃን ሚዛን፣ መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት፣ የማሙሽን ልብስ ስታወልቅ መጀመሪያ እጇን በትንፋሿ አሞቀች። ሆዱን ዳሰሰች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ ጥያቄዋን እያከታተለች።

"የሚመልሰው አረንጓዴ ነገር አለበት? ደም?"

"የለም። ነጭ ነው፣ ወተቱ ራሱ ነው" አለ አረፋው።

"ሽንቱስ?"

"ሽንቱማ ዳይፐር አላስተርፍ ብሏል" አሉ እማማ።

ሚዛኑ ላይ አወጣችው። አረፋው ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። "ክብደቱ ጨምሯል" አለች ሐኪሟ። "ደህና አድርጎ ጨምሯል።"

"የገባው ሁሉ ይወጣል እኮ ዶክተር! ልጄ በረሃብ አለቀ እኮ!"

"የፈሰሰ ወተት ብዙ ይመስላል። የሚበዛው ሆዱ ውስጥ ባይቀር ኖሮ ሚዛኑ ይነግረን ነበር። ግን ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር ካልከኝ ዝም ብዬ አልለቃችሁም። እዚሁ ቆይቶ ሲጠጣም ሲተኛም ላየው እፈልጋለሁ።"

አረፋው ብድግ አለ። ሳያስበው ልጁን ከሚዛኑ ላይ አንስቶ ደረቱ ላይ ለጥፎታል። "ልትይዙት ነው? ለአንድ ቀን ልትሉ ነው አይደል?"

"እስኪመሽ ነው። አንተም ከጎኑ ነህ። ማን ይነጥቅሃል?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ቁጭ በል፣ አባቱ።" ቁጭ አለ፣ ልጁን ግን አላስቀመጠም።

ማሙሽ አፉን ማላወስ ሲጀምር ሐኪሟ፣ "በል፣ ልክ ቤት እንደምታደርገው አድርገህ አዘጋጅለት፣ ልይህ" አለች። አረፋው ልጁን ለእማማ ሰጠ። ይህ የሚያውቀው ነገር ነው። ከፔርሙዙ ውሃ ቀዳ፣ ዱቄቱን ደለደለ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ክንዱን ከፍ አድርጎ ጡጦውን አስጨፈረው። አንጓው ተሽከረከረ፣ ወተቱ ተንቦጫረቀ፣ አረፋ እስከ ጡጦው አንገት ወጣ። ጨርሶ ጠረጴዛው ላይ እንደ ልማዱ ቀጭ አድርጎ አቀረበ።

በሩ ጋ የቆመችው ነርስ ሳቀች። "ማኪያቶ ነው እንዴ ያዘዝነው?"

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ጡጦውን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። "ሥራህ ምንድን ነው?"

"የማኪያቶ ማሽን ላይ ነኝ።"

"እጅህን አይቼ ጠርጥሬ ነበር። ይህ አረፋ ወተት አይደለም፣ አየር ነው። ልጅህ እየተስገበገበ አየር ይውጣል። አየሩ ሆዱን ይነፋዋል፣ ያመዋል። ሲወጣ ደግሞ ወተቱን ይዞት ይወጣል። በዚህ ዕድሜ የሆዳቸው አፍ ገና ላላ ያለ ነው፣ ብዙዎቹ ያቀረሻሉ፣ እያደጉ ሲሄዱ ይተዋሉ። አንተ ግን በላዩ ላይ አየር ትጨምርበታለህ። ሲያለቅስ ደግሞ ራበው ብለህ ወተት።"

አረፋው ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ ነኝ ማለት ነው?" አለ። "እስከዛሬ ያሰቃየሁት እኔው ነኝ?"

"ብቻህን አይደለህም፣ የተፈጥሮውም ድርሻ አለበት። ደግሞ እንዲስተካከል የመጣኸው አንተው ነህ። ሁለተኛ አትነቅንቀው። ቀስ እያልክ አሽከርክረው፣ ጓሉ እስኪሟሟ ድረስ። ከዚያ አስቀምጠው። መጀመሪያ አረፋው ይተኛ።"

አረፋው ቀና አለ። "እኔማ እንቅልፍ ከየት መጥቶ፣ ዶክተር። ደግሞ ስሜን ማን ነገረዎት?"

እማማ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ በመጨረሻ ሳቃቸው አመለጣቸው። ነርሷ ነገሩ ሲገባት ግድግዳ ተደገፈች። ሐኪሟም፣ "የጡጦውን ማለቴ ነው እኮ!" ብላ ሳቀች። አረፋው ብቻ አልሳቀም። "አሽከርክረው" የሚለው ቃል ጆሮው ላይ ቀርቶበታል። የእማማን እጅ አየ፤ አንጓው ያበጠውን፣ የማሙሽን ጀርባ ቀስ እያለ የሚያሻሸውን።

"ሌላ ጡጦ የሚሰጠው ሰው አለ?" አለች ሐኪሟ።

"እሳቸው ነበሩ። ያሽከረክሩት ነበር። እያወሩ ያስቀምጡት ነበር።" አረፋው በአገጩ ወደ እማማ ጠቆመ። "እኔ ከለከልኳቸው።"

"በእርስዎ እጅ በነበረ ጊዜስ እንዴት ነበር፣ እናቴ?"

አሁን እማማ ከፈለጉ አናቱ ላይ መውጣት ይችሉ ነበር። መብታቸው ነው። እሳቸው ግን የማሙሽን ካልሲ እያስተካከሉ፣ "ያው ነው" አሉ። "በእኔም እጅ ያቀረሽ ነበር። ምንም ልዩነት የለውም።" አረፋው ውሸት መሆኑን አወቀ። አንገቱን ደፋ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ራሷ አሳየችው። ልጁ ቀና ብሎ ይታቀፋል፣ ጡጦው ይዘነበላል፣ ጫፉ ሁልጊዜ ወተት ይሞላል እንጂ አየር አይዝም። መሃል ላይ ይቆማል፣ ልጁ ያገሳል። አነስ ተደርጎ ቶሎ ቶሎ ይሰጣል። ሲጨርስ ቀጥ ብሎ ትንሽ ይታቀፋል። ይህን ሁሉ አረፋው እሺ እሺ ብሎ ተቀበለ። "ከዚያ በጀርባው አስተኛው፣ ደልደል ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ" ስትለው ግን ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች።

"በጀርባው? ትን ቢለውስ!"

"ልጅ በጀርባው ሲተኛ ነው ጉሮሮውን የሚጠብቀው። በጎኑም በሆዱም አይሆንም። ሶፋ ላይ አቅፈኸው ማንቀላፋት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ልጅ ሊያፍን ይችላል።" አረፋው ያን ሶፋ አስቦ ክው አለ። "አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ደም ካያችሁ፣ አልጠባም ካለ ወይም እንደገና ከጠቆረ ግን ሰዓት አትዩ። ሮጣችሁ አምጡት።"

አመሻሽ ላይ ተለቀቁ። ለሚስቱ ደወለ፣ ሁሉንም ነገራት፣ የማኪያቶውን ነገር ጭምር። በስልኩ ውስጥ የሳቀች መሰለው፣ ቆይቶ ግን እያለቀሰች እንደሆነ ገባው። "በጀርባው አስተኛው እሺ?" አለችው። አስተኛው። አስተኝቶም ከአልጋው ራስጌ አልተንቀሳቀሰም፤ እማማ ተኛ ቢሉት እምቢ፣ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ።

ሲነጋ፣ ፀሐይ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ስታርፍ፣ ጡጦውን በሁለት መዳፉ መሃል ሲያሽከረክር ነበር። እጁ ልመድ ቢለው አልለምድ እያለ ነቅንቀኝ ነቅንቀኝ ይለዋል። ጓሉ ሟሟ። እማማ ማሙሽን ታቅፈው መስኮቱ ጋ ቆመዋል። አረፋው ጡጦውን ይዞ ሄደና በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ይስጡት።"

ተቀበሉት። ልክ እንደ ሐኪሟ ወደ ብርሃኑ ይዘው አዩት፣ ከዚያ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት። "መጀመሪያ አረፋው ይተኛ።"

አረፋው ጎንበስ ብሎ ጡጦውን መረመረ። "ተኝቷል እኮ። አንድም አረፋ የለውም።"

"ጡጦውን አላልኩም።"

ቀና ብሎ አያቸው። "እኔ ከተኛሁ... እማማ፣ ድንገት ዝም ቢልስ? እንደ ትናንቱ ቢሆንስ?"

"እኔ አለሁ አይደለም እንዴ! ትናንት ማን ነበር ያለው?"

አረፋው ከማሙሽ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ በተዘረጋችው ፍራሽ ጋደም አለ። ዓይኑን አልከደነም። ማሙሽ ሲጠባ ሰማ፣ እማማ መሃል ላይ ሲያቆሙት ሰማ፣ ግሳቱን ሰማ። ወዲያ ወዲህ እያሉ ቀጥ አድርገው ሲያቅፉት፣ ከዚያ በጀርባው ሲያስተኙት ሰማ። ቤቱ ፀጥ አለ። ቆይቶ ከአልጋው ውስጥ ጉርጉር የሚል ድምፅ መጣ፣ ማቅረሻው ሲመጣ የሚያውቀው ድምፅ። አረፋው ተስፈንጥሮ ተነሳ።

እማማ እጃቸውን ዘረጉ። "ቆይ። አትንካው። እየው።"

ወተት በልጁ ከንፈር ጥግ ወረደ። አረፋው ትንፋሹን ዋጠ። ማሙሽ ፊቱን አጨማደደ፣ አንገቱን ወደ ጎን መለስ አደረገ፣ የቀረውን ራሱ ዋጠ፣ አፉን ላወስ ላወስ አድርጎ እንቅልፉን ቀጠለ። ደረቱ ከፍ አለ። ዝቅ አለ። ደግሞ ከፍ አለ። እማማ የከንፈሩን ጥግ በጨርቅ ጠረጉለት። አረፋው የአልጋዋን ጠርዝ ይዞ ቆመ፣ ከዚያ ተመልሶ ጋደም አለ።

"እማማ" አለ ጣሪያውን እያየ። "በእርስዎ እጅ በነበረ ጊዜ ያው ነበር ያሉት፣ ውሸትዎን ነው አይደል?"

"ተኛ አልኩህ" አሉ እማማ።

ፍርሃቱ አልለቀቀውም ነበር። አንድ እጁ የማሙሽን አልጋ እግር እንደጨበጠ እንቅልፍ ወሰደው።